ኤክሶም ይመርመር ወይስ ሙሉ ጂኖም?

የልጅ ሕመም በዘር የመጣ ነው ተብሎ ሲጠረጠር ሁለት የዲኤንኤ ምርመራ አማራጭ አለ፤ ኤክሶም እና ሙሉ ጂኖም። የኤክሶም ምርመራ የሚያነበው ኤክሶኖችን ነው፤ ማለትም ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩትን የጂን ክፍሎች። ከጠቅላላው ዲኤንኤ 2 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ግን እስካሁን ከታወቁት በሽታ አምጪ ለውጦች አብዛኞቹ የተገኙት እዚያ ነው። ዋጋውም ይቀንሳል።

የሙሉ ጂኖም ምርመራ ዲኤንኤውን በሙሉ ስለሚያነብ ኢንትሮኖችንም፣ ማለትም በኤክሶኖች መካከል ያሉትን የጂን ክፍሎች፣ ያነባል። ሴሉ ፕሮቲን ከመሥራቱ በፊት እነዚህን ከጂኑ ቅጂ ቆርጦ ያወጣቸዋል፤ ስለዚህ ጥቅም የላቸውም የሚል አለ። አይደለም! ሲኢፒ290 የተባለውን ጂን እንይ። ኢንትሮኑ ውስጥ፣ ከኤክሶኖቹ ርቆ የሚገኝ የ1 የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ሴሉን ያሳስተዋል። የኢንትሮኑን ቁራጭ ኤክሶን መስሎት ያስገባዋል፤ ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል። ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ ከሚያሳውሩ መንስኤዎች አንዱ ይኸው ነው። የኤክሶም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ይህን አያየውም።

አቅም ካለ ሙሉውን እመርጣለሁ። ከሌለ በኤክሶም ይጀመር፤ ምንም ካልተገኘ ግን «በዘር አይደለም» ተብሎ አይደምደም።