«ቀስቱን ብቻ ይከተሉ» የሚል የሱቅ ሶፍትዌር ሻጭ ከመጣባችሁ

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ንዴቴ ሲበርድ «ይሁን እስቲ» ብዬ እንዳልተወው አሁኑኑ ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቧንቧ፣ ቀለም፣ ማጠፊያ። ሰኔ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የነገደ ያውቀዋል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይገባል። ከዚያ በፊት ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይቆጠራል። ሻጮቹም ይህን ስለሚያውቁ ግንቦት ላይ ከተፍ ይላሉ።

ታውቋቸዋላችሁ። የላፕቶፕ ቦርሳ በትከሻ፣ የተወለወለ ጫማ፣ «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ»። ተቀመጥ ሳይባል ይቀመጣል። አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሽያጩን አሳየኝ፣ ቀሪ ዕቃውን አሳየኝ። የዱቤ መዝገቡን ሲያሳየኝማ ልቤ ቀለጠ። እኔ ዱቤ የምጽፍባት ደብተር ስንቱን ደንበኛ እንዳጣላችኝ እግዜር ይወቀው።

«ግን ማን ያስተምረኛል?» አልኩት። ሳቀ። «አሠልጣኝ አያስፈልግም እትዬ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ እየመራ ያስተካክልልዎታል። ሳጥን ብቅ ትላለች፣ ቀስት ታሳይዎታለች፣ እርስዎ ቀስቱን ብቻ ይከተሉ። በአማርኛ ነው።» 28,000 ብር ከፈልኩ። አልተከራከርኩም እንኳ። ለአንድ ኪሎ ሚስማር ግማሽ ቀን የምከራከር ሴት!

ምልክቱ ገና ከመጀመሪያው ነበር። ሳጥኗ በጀት ዓመት መቼ ይጀምራል ብላ ጠየቀችና ራሷ «ጃንዋሪ» ብላ ሞልታ ጠበቀችኝ። ደወልኩ። «ዝም ብለው ቀጥል ይበሉት፣ ችግር የለውም» ተባልኩ። ሐምሌን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሱቅ ሶፍትዌር! ያኔ ነበር ላፕቶፑን መክደን። ደግሞ «ተጨማሪ እገዛ» የምትለዋን ስትነኳት ኢንተርኔት ትፈልጋለች። እዚህ አገር ኔት ጠፍቶ ስንት ወር እንደከረምን ለእኛ አይነገርም። አንድ ቀን ኔት ተገኝቶ ተከፈተች፤ በእንግሊዝኛ ናት። ሥዕሉ ላይ ያለው ቁልፍ ደግሞ የእኔ ላይ የለም። የቀድሞው ሶፍትዌር ሥዕል ነው አሉ።

እኔ ግን ቀጥል አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተቀምጠን 412 ዓይነት ዕቃ አስገባን። ሚስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮ በፍሬ፣ ገመድ በሜትር። መብራት ሲሄድ በሻማ የቆጠራ ወረቀቱን እናስተካክላለን፣ ሲመጣ እናስገባለን።

አሁን ወደ ትናንት ማታው ልምጣ።

ሶፍትዌሩ ሲመጣ የራሱን ናሙና ዕቃዎች ይዞ ነው የመጣው። «ወንበር»፣ «ጠረጴዛ»፣ «እስክሪብቶ»። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ መስመር አለች፣ «ዝግጅትዎ 90% ተጠናቋል» የምትል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷው 90 ላይ ቆማ ስታየኝ ከረመች። እንደ ተማሪ አናደደችኝ፣ መቶ ላስገባት ፈለግሁ። ነካኋት። ሳጥኗ ብቅ አለች፦ «የመጨረሻ ደረጃ! የናሙና ዕቃዎችን አጽድተው ሥራ ይጀምሩ።» ቀስቷ አንድ ቀይ ቁልፍ ላይ ትብለጨለጫለች። ቁልፉ «አጽዳ» ይላል።

ከሳጥኗ ጀርባ ሌላ ጽሑፍ ነበር። አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። ሳጥኗ ግን ላዩ ላይ ተኝታበታለች፤ የምትታየኝ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። «ይጠፋሉ።» እኔም በልቤ «አዎ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ይጥፉልኝ» አልኩና ተጫንኩት።

ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት እንደ ሰርግ ቤት ተበተነ። «እንኳን ደስ አለዎት! 100%።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ምንም ዕቃ የለም። የመጀመሪያ ዕቃዎን ለመመዝገብ ቀስቱን ይከተሉ።»

412ቱም የለም። ወንድሜ በኋላ ሳጥኗን ገፋ አድርጎ ያችኑ ገጽ አነበበልኝ። ሙሉው «ናሙናዎቹን ጨምሮ ሁሉም የተመዘገቡ ዕቃዎች ይጠፋሉ» ነው የሚለው። ልታስተምረኝ የተቀመጠች ሳጥን ማስጠንቀቂያውን ሸፍናው ነበር ማለት ነው።

የቆጠራ ወረቀቱስ አትሉኝም? እሱን አትጠይቁኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል ብዬ ሚስማር ጠቅልዬ ሸጥኩበት። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ እንኳ የሚለቀም አይደለም፣ በየሰዉ ቤት ተበትኗል።

ጠዋት ደወልኩ። ሦስት ጊዜ አላነሱም። በአራተኛው ያው ልጅ አነሳ። «እትዬ» የለም፣ «እርስዎ» የለም። «ማነው የተጫነው? አንቺ አይደለሽ?» አለኝ። ቀስቱ አሳየኝ አልኩት። «ቀስት ያሳየሽን ሁሉ ትጫኛለሽ እንዴ? አታነቢም?» ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ አጠገቡ ላለው ሰው «ሴትዮዋ ዳታዋን አጥፍታ እኛ ላይ ትጮሃለች» ሲል ሰማሁት፤ ተሳሳቁ። ባክአፕ (ሲጠፋ የሚመለስ መጠባበቂያ ቅጂ) የለም ወይ ስለው «ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ማብራት የአንቺ ሥራ ነው» አለኝ። ያቺ ሁሉን የምታሳይ ቀስት ባክአፑን አንድ ቀን አላሳየችኝም። ሰው ልኮ እንደገና ለማስተካከል 6,000 ብር ጠየቀኝ።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ነው የሚማረው። ስናደድ አይቶ ሊያጽናናኝ ስለ አንዲት ዓይናማ የወረቀት መያዣ ሽቦ አወራኝ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 ላይ «ላግዝዎት?» እያለች ብቅ የምትል ነበረች አሉ። ሰው ስለተማረረባት በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ላይ ካልፈለጓት እንዳትመጣ ተደረገች፣ በ2007ቱ ጭራሽ ወጣች። እሷስ ብታሰለች ነው፤ የሰው ሱቅ ባዶ አላደረገችም። እሱ እንደሚለው መሪ ሳጥን የሚሠራ ሰው ከምንም በላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ አለበት፦ ሳጥኗ ማንበብ ያለብህን እንዳትሸፍን፣ የማይመለስ ነገር ላይ ደግሞ ቀስት እንዳትጠቁም። እዚያ ጋ ማቆምና «412 ዕቃ ሊጠፋ ነው» ብሎ በቁጥር መንገር ነው እንጂ ማብለጭለጭ ምን ይሉታል?

የምትገዙ ካላችሁ፦ ሻጩ ፊት ኔቱን አጥፉና እገዛውን ክፈቱ። አምስት ዕቃ አስገብታችሁ አጥፉ፣ ከዚያ «መልስልኝ» በሉት። ካልመለሰ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት። ወረቀታችሁንም አትጣሉ።

ልተኛ። ሰኔ 30 አራት ቀን ቀርቶታል፤ ነገ ከብሎኖቹ እጀምራለሁ።