ዉፍ፦ በገበሬ ቤት እየሠሩ ለመኖር ለሚያስቡ

ዉፍ (WWOOF) ገበሬንና በእርሻው ሊያግዝ የሚመጣን እንግዳ የሚያገናኝ መረብ ነው። ከዉፍ የሚገዛው የአድራሻ ዝርዝር ነው፤ ጉዞም፣ ቪዛም፣ ዋስትናም አይደለም። ይህን አውቆ የገባ ሰው ብዙም አይከፋውም። አሠራሩ ቀላል ነው። ኬሚካል ሳይጠቀም የሚያርስ ገበሬ መኝታና ምግብ ይሰጣል፤ እንግዳው በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ያግዛል፤ ገንዘብ ከማንም ወደ ማንም አይሄድም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሱ ኮፓርድ የተባለች የለንደን የቢሮ ሠራተኛ ከተሜዎችን ለቅዳሜና እሁድ በደቡብ እንግሊዝ ወዳለው የሳሴክስ እርሻ ስትወስድ ነው የተጀመረው።

አባልነቱ ለየአገሩ ለብቻ ይከፈላል። ዋጋው ከአገር አገር ይለያያል፤ የአንዱ ለሌላው አያገለግልም። የጣሊያኑ የአደጋ መድን ያካትታል፣ የአሜሪካው ግን የሕክምና መድን የለውም፤ መጥረቢያ እግርን ቢያገኝ ወጪው የራስ ነው። ከመክፈልዎ በፊት በነጻ ተመዝግበው በሚፈልጉት ወረዳ ስንት እርሻ እንዳለ ይዩ።

ለእኛ ሰው ዋናው ጣጣ ወረቀት ነው። አሜሪካ በጉብኝት ቪዛ ገብቶ በእርሻ ላይ ማገዝ አይቻልም፤ ምግብና መኝታ እንደ ክፍያ ይቆጠራል፣ በኤርፖርት ይህን የተናገሩ ሰዎች ከዚያው ተመልሰዋል። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላለው ችግር የለም። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀና የሥራ ፈቃድ ያልያዘ ሰው ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይሂድ። ብሪታንያ ለጎብኚ የምትፈቅደው በጎ ፈቃድ ቢበዛ 30 ቀን፣ ያውም ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው፤ የግል እርሻ እዚያ ውስጥ አይገባም። የጀርመን ወይም የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያለው በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ቢሆን ጣሊያን ውስጥ በ180 ቀን 90 ቀን መቆየት ይችላል፤ የመግባት ፈቃድ ግን የመሥራት ፈቃድ አይደለም፣ የአገሩን ሕግ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ቪዛ ያስገኝልኛል ብሎ የሚመዘገብ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤው ነው፤ ብዙው ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለሃያ ገበሬ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚልክ መልስ አያገኝም። ገበሬው ስለ ራሱ የጻፈውን አንብበው፣ የሚመጡበትንና የሚሄዱበትን ቀን፣ ምን ሥራ እንደሚችሉ በአምስት ስድስት መስመር ይጻፉ። ከዚያ ይጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ዕረፍት አለ? የምተኛው ቤት ውስጥ፣ ካራቫን ውስጥ ወይስ ድንኳን ውስጥ? ማሞቂያ አለ? ሽንት ቤቱ ውኃ ያለው ነው ወይስ ደረቅ? ከባቡር ጣቢያው ማን ይወስደኛል? ሌላ እንግዳ አለ? ውሻ ቤት ውስጥ ይገባል? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ውሻ አልጋው ላይ የሚተኛ ቤት ብዙ ነው። በጥያቄ የሚቆጣ ገበሬ ካጋጠመ ሌላ ይፈለጋል።

ምግቡ ላይ ጿሚ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ብዙ ገበሬዎች ሥጋ አይበሉም። ግን «ቬጀቴሪያን ነኝ» ብሎ የጻፈ እንቁላልና አይብ ይቀርብለታል፤ «ቪጋን» (ከእንስሳ የተገኘ ነገር ሁሉ የማይበላ) ብለው፣ ከሚጾሙበት ቀን ጋር ይጻፉ። ፍልሰታ ቲማቲሙና ዝኩኒው የሚትረፈረፍበት ወቅት ላይ ስለሚውል ከሁሉም ይቀላል። ዐቢይ ጾም ከባድ ነው፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበላ መደብ የሚቆፍር ሰው ሥራውን በጠዋት እንዲጨርስ ቢስማማ ይበጀዋል። ሙስሊም የሆነ ሰው ጣሊያን ሲሄድ የአሳማ ነገር በሾርባና በፓስታም እንደሚገባ አውቆ አስቀድሞ ይናገር።

ሥራው አብዛኛው አረም፣ ፍግ መበተንና መደብን በገለባ መሸፈን ነው። ልዩ የሚሆነው የጣሊያን ወይራ ለቀማ ነው፣ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ። (እኛ ወይራን ጋን ለማጠን ነው የምናውቀው።) ከዛፉ ሥር መረብ ይዘረጋል፣ ቅርንጫፉ በማበጠሪያ መሰል መሣሪያ ይበጠራል፣ ፍሬው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጭመቂያ ይደርሳል። ተከምሮ ከቆየ ይግላል፣ ይቦካል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ስለዚህ 6 ሰዓት የተባለው ቀን 9 ሊሆን ይችላል፤ ትርፉ በዕረፍት ቀን እንዲካካስ በጽሑፍ መስማማት ነው። የራስ ጓንት፣ ቦት ጫማና የግንባር ባትሪ ይያዙ፤ የቲታነስ ክትባትም ያድሱ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፤ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተትና ማታ ማታ ገላን መፈተሽ ግድ ነው።

ድክመቱ ቁጥጥሩ ነው። እያንዳንዱን እርሻ ሄዶ የሚያይ ሰው እንዳለ አድርገው አይቁጠሩ። በድረ ገጹ ላይ ያለው አስተያየትም ወደ ምስጋና ያደላል፣ ምክንያቱም ገበሬውም በበኩሉ ስለ እንግዳው ይጽፋል። ከምስጋናው ይልቅ ያልተባለውን ይዩ፦ አሥር ሰው ስለ ውሾቹና ስለ መልክዓ ምድሩ ጽፎ ስለ ምግቡ አንድም ካላነሳ ይጠርጥሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ ቃል አይግቡ፤ ከተስማማዎት ማራዘም ቀላል ነው። የመመለሻ ትኬትና የሁለት ሌሊት ሆቴል የሚሆን ገንዘብም ሳይነካ ይቀመጥ።