የተሻሻለው ተሳቢ ካራቫን ከ14 ወር በኋላ፦ የወደድኩት አካሄዱን፣ ያሳዘነኝ ክብደቱ

ይህን ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ከተረከብን 14 ወር ሆነን። በእነዚህ ወራት 61 ሌሊት አድረንበታል፤ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጎትቼዋለሁ። ከእሱ በፊት የዚህኑ ሞዴል የቀድሞ ስሪት ለ6 ዓመት ይዘን ስለነበር የማወዳድረው በእጄ ከማውቀው ዕቃ ጋር ነው። የቀድሞውን የያዙ ሰዎች «ልቀይር ወይስ ልቆይ?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ለዓይን አይታይም። በቀድሞው ሞዴል ማእድ ቤቱ የኋላውን ግድግዳ ተጠግቶ ነበር፤ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ሳህኑና ድስቱ ሁሉ ከጎማዎቹ ኋላ ያርፋል። አሁን ማእድ ቤቱ ወደ መሃል መጥቶ ልክ ከጎማዎቹ በላይ ተቀምጧል፤ ከኋላ የቀረው አልጋው ብቻ ነው። ለመኖሪያ ምቾት ተብሎ የተደረገ ይመስላል እንጂ ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው ሹፌሩ ነው። ተሳቢ ከባድ ዕቃ በጅራቱ ሲሸከም ጫፉ ላይ ድንጋይ እንደታሰረበት ገመድ ይወዛወዛል። የጭነት መኪና አልፎት ሲሄድ በሚፈጥረው ንፋስ የተጀመረች ትንሽ ንቅናቄ እየሰፋች ትሄዳለች።

ከቀድሞው ጋር ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ነበር። በግራው ስፖኪዮ የካራቫኑን ጎን በሙሉ አየሁት፤ ወዲያው ጠፋና በቀኙ ስፖኪዮ ወጣ። ባለቤቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ዝም አለች። መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ እግሬን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ፤ በመሪ ልመልሰው አልሞከርኩም፣ ፍሬንም በኃይል አልረገጥኩም። አራት ወይም አምስት ጊዜ ከወዲያ ወዲህ ከተመላለሰ በኋላ ጸጥ አለ። በአዲሱ ግን በ14 ወር ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ረጃጅም የጭነት መኪናዎች ሲያልፉን ትንሽ ገፋ ያደርገንና ወዲያው ቦታውን ይይዛል።

ካራቫኑን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ማያያዣም ድርሻ አለው። በማያያዣው ውስጥ ያሉት የሰበቃ ንጣፎች ከመኪናው ኋላ ያለውን የመጎተቻ ኳስ ጨምቀው ስለሚይዙ ተሳቢው ወደ ጎን ለመዞር ሲነሳ ይከለክሉታል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ኳሱ ደረቅና ንጹህ ሲሆን ብቻ ነው። ኳሱን ግራሶ መቀባት የለመደ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰብስብ፤ ግራሶ የነካው ንጣፍ አይዝም። እኔ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በንጹህ ጨርቅ እጠርገዋለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በ3ኛው ወር በአንድ ማረፊያ ስፍራ አጠገባችን የቆሙ አዛውንት ይህንኑ ሞዴል ይዘው ነበር። «አባባ፣ እንዴት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቤቱስ ግሩም ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን ምድር ሚዛን ላይ አውጥተኸዋል?»

አላወጣሁትም ነበር። በማግስቱ ለጉዞ እንደተጫነ ወስጄ አወጣሁት፤ 1,538 ኪሎ። የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት 1,500 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የለመድነውን ዕቃ ሳንጨምር ሳንቀንስ ነው የጫንነው፤ የቀድሞው ያንኑ ዕቃ ይዞ ከገደቡ በታች ነበር።

ምክንያቱ ይኸው። የሁለቱም ሞዴሎች ከፍተኛ ክብደት 1,500 ኪሎ ነው፤ ባዶ ክብደቱ ግን ከ1,300 ወደ 1,340 አድጓል። ለባለቤቱ ዕቃ የቀረው 200 የነበረው 160 ሆነ ማለት ነው። ትልቁ የጣሪያ መስኮት፣ ሰፊው አልጋ፣ በሙቅ ውሃ የሚሠራው ማሞቂያ፣ ሁሉም ከእኛ ድርሻ ላይ ነው የወሰዱት። ከዚያ 160 ላይ ደግሞ ባትሪው 26 ኪሎ፣ የተሞላ የጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 15 ኪሎ ገደማ፣ የደጁ ድንኳን ከነዘንጎቹ 38 ኪሎ፣ ሙሉ የውሃ ታንከር 40 ኪሎ ሲቀነስ፣ ለልብስ፣ ለወንበርና ለሳህን የሚተርፈው 41 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ቤተሰብ በ41 ኪሎ እንዴት ይጓዛል? ይህን ቁጥር ሻጩ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። የሚገዛ ሰው ስለ አልጋው ስፋት ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ያደረግነው ይህ ነው። ውሃ የምንሞላው ማረፊያው ስንደርስ ነው፤ በመንገድ ላይ ከ5 ሊትር በላይ አንይዝም። ድንኳኑን ወደ መኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አዛወርነው፤ መኪናውም የራሱ ገደብ ስላለው እሱንም አብሬ አስመዘንኩ። ካራቫኑ ወደ 1,465 ኪሎ ወረደ። ከዚያ ደግሞ በመኪናው ኳስ ላይ የሚያርፈውን የአፍንጫ ክብደት፣ በተለመደው የሰውነት መመዘኛ ሚዛን ላይ አጭር እንጨት አቁሜ ለካሁት። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ይመከራል፤ የእኔ 86 ኪሎ ነው፣ በመኪናዬ መጎተቻ ላይ የተጻፈው ገደብ ደግሞ 90። ሲቀል ጅራቱ ይወዛወዛል፣ ሲከብድ የመኪናው ፊት ቀለል ብሎ መሪው አይታዘዝም።

ፍሪጁ ተቀይሯል፤ በዚህ ላይ የባለቤቶች አስተያየት ለሁለት የተከፈለ ነው። የቀድሞው በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ዓይነት ስለነበር ካራቫኑ ትንሽ ካዘነበለ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ በጋዝ ሲሠራ ግን ድምፅ የለውም፣ ባትሪም አይነካም። አዲሱ በኮምፕሬሰር ይሠራል። ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ማዘንበል አይገደውም፤ የሚበላው ግን ባትሪ ነው። በሞቃት ቀን 35 አምፒር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ገደማ ሲወስድ ለክቻለሁ። አብሮ የመጣው ባለ 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ቦታ ሰማዩ ከደመነ በሁለተኛው ሌሊት እንጨነቅ ነበር። በ7ኛው ወር በሊቲየም ባትሪ ቀየርኩት። ክብደቱ 12 ኪሎ ነው፤ 14 ኪሎ ተመለሰልኝ፣ ኃይሉንም ከሞላ ጎደል እስከ መጨረሻው እጠቀምበታለሁ። ከመቀየራችሁ በፊት የካራቫኑ ቻርጀር ለሊቲየም የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ፤ የእኔ በቅንብር ለውጥ ብቻ ተስማማ።

ማሞቂያውን ያለ ቅሬታ እወደዋለሁ። ሙቅ ፈሳሽ በግድግዳው ዙሪያ ስለሚዞር ሙቀቱ እኩል ነው፤ እንደ ቀድሞው የአየር ማሞቂያ ሌሊት እየጮኸ አይቀሰቅስም። ከቅዝቃዜ ተነስቶ ቤቱን እስኪያሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ፈሳሹም እንደ ዓይነቱ በ2 ወይም በ5 ዓመት መቀየር አለበት። በብርድ ወራት ፕሮፔን የተባለውን ጋዝ ተጠቀሙ፤ ቡቴን የተባለው ግን ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ከሲሊንደሩ መውጣት ያቆማል።

በ9ኛው ወር ያገኘሁት ነገር ግን ልቤን ሰብሮታል። ከከባድ ዝናብ በኋላ አልጋውን አንስቼ ከሥሩ ስጠርግ፣ በግራው የኋላ ማእዘን የግድግዳው ልባስ በጣቴ ሥር ለስለስ አለ። እርጥብ አልነበረም፤ ግን የቆየ የወረቀት ሽታ ነበረው። የእርጥበት መለኪያዬን ስተክል 22 በመቶ አሳየ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ደግሞ 11። ከ20 በላይ ሲሆን ውሃ ገብቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀዳዳው የተገኘው ከላይ፣ የኋላው ጠቋሚ መብራት በታሰረበት ብሎን ሥር ነበር፤ ማሸጊያው አንዱን ብሎን ሳይሸፍን ቀርቷል። በዋስትናው ተጠገነልን፤ ግን ስድስት ሳምንት ጠበቅን፣ አንድ የዕረፍት ጊዜም ቀረብን። ዓመታዊ ምርመራውን በጊዜው ባናስደርግ ኖሮ ዋስትናው አይሠራም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ሌሎች ባለቤቶች ጋር ተነጋግሬ አንዱ በዚያው ማእዘን ላይ ያንኑ አግኝቷል። ይህን ሞዴል የያዛችሁ፣ ዛሬውኑ አልጋውን አንስታችሁ ያንን ማእዘን በእጃችሁ ዳስሱት።

የጣሪያው መስኮት በብርድ ጠዋት ያልበዋል፤ ጨርቅ አጠገቡ ይኑር። የበሩ መቆለፊያ፣ መጋረጃዎቹ፣ መታጠቢያው፣ እስካሁን ምንም አላሉም።

እንደገና እገዛው ነበር? ለረጅም መንገድ ለሚጎትት ሰው አዎን፤ ያ ቁልቁለት ላይ ያየሁት ነገር ከ40 ኪሎ ይበልጥብኛል። ብዙ ዕቃ ይዞ አጠገቡ ባለ ስፍራ ለሚቆም ግን የቀድሞው ይሻለዋል፣ ባይቀይር እመክረዋለሁ።

ባለቤቴ የልብስ ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት ለጥፋ የእያንዳንዱን ዕቃ ክብደት በእርሳስ ጽፋለች፦ ወንበሮች 14፣ ሳህንና ድስት 11፣ ልብስ 18። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ብስክሌቶቻቸውን አምጥተው አስመዘኑ፤ 23 ኪሎ። ከመስመሩ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች፤ እስክንወስን ድረስ በመኪናው ጣሪያ ላይ ይሄዳሉ።