ዝም ያለው ቴስተር፦ የዘጠኝ ወር አጠቃቀም

ሽቦ ሳይነካ ከላስቲኩ ውጭ ሆኖ ኤሌክትሪክ መኖሩን በጩኸትና በቀይ መብራት የሚያስታውቀውን፣ የእስክሪብቶ ቅርጽ ያለውን ቴስተር ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ከቤት ወደ ቤት ለምንዞር ሠራተኞች በኪስ የሚያዝ ቀላል ዕቃ ነው፤ ለዕለት ሥራ አላስቸገረኝም። ይህን የሚያስጽፈኝ ግን ባለፈው ጥር የደረሰብኝ ነገር ነው።

አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተሰበረ የአምፖል መያዣ ልቀይር ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ወጣሁ። የቤቱ ባለቤት እናት «ብሬከሩን አጥፍቼዋለሁ ልጄ» ብለውኛል። እኔም ወፍራም ጓንት እንዳጠለቅሁ ቴስተሩን በጭራው ይዤ ሽቦው ላይ አስጠጋሁት፤ ዝም አለ። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በርታ ስለነበር ባትሪው ደክሟል ለማለት አይቻልም። ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ልቆርጥ በፒንሳ ስነክሳቸው ቤቱ በብልጭታ ተሞላ፤ ከፒንሳዬ አፍ ላይም የምስር ፍሬ የምታህል ብረት ቀልጣ ወደቀች። እናታችን ያጠፉት የሶኬቱን ብሬከር ኖሯል፤ የመብራቱ ማብሪያም እንደበራ ነበር።

የመርካቶው ሻጭ «መንካት አያስፈልግህም፣ እሱ ራሱ ይነግርሃል» ብሎኝ ነበር። ጌታዬ፣ ለማን ነው የሚነግረው? ዕቃው የሚሠራው በሽቦው ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ እያሰሰ ሲሆን፣ ለዚህም የያዘው ሰው ገላ ከመሬት ጋር ያለውን ትስስር ይፈልጋል፤ ከመሬት ርቆ፣ በደረቅ እንጨት ላይ፣ ጓንት አጥልቆ ለቆመ ሰው ያ ትስስር እጅግ ስለሚሳሳ ቴስተሩ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ፊት ቀርቦም ላይጮህ ይችላል። በብረት ቱቦ ውስጥ ያለፈ ሽቦንማ ጨርሶ አያውቀውም። ከፌዝ ጋር በአንድ ቱቦ ባለፈ የሞተ ሽቦ ላይ ያለ ምክንያት ሲጮህ ግን ይቅር እለዋለሁ፤ ያ ሥራ ያጓትታል እንጂ ሰው አይጎዳም።

በመግዛቴ ተጸጽቻለሁ ወይ? ጥር ላይ ብትጠይቁኝ ከመስኮት እወረውረው ነበር። ዛሬ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ለመለየት እጠቀምበታለሁ። እጄን ከማስገባቴ በፊት ግን ሙልቲሜትሩን፣ ማለትም ሽቦ ነክቶ ቮልት የሚለካውን መሣሪያ፣ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሬ 220 ቮልት ገደማ ማንበቡን አያለሁ፤ ቀጥሎ ሽቦውን ፌዝ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ)፣ ፌዝ ከመሬት እለካለሁ፤ መጨረሻ ላይ ወደዚያው ሶኬት ተመልሼ መለኪያው መሐል ላይ እንዳልሞተ አረጋግጣለሁ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ፒንሳዬ ግን አሁን የሚቆርጠው በጥጉ ብቻ ነው።