ለማስተርስ ያዘጋጃል የተባለው የሦስት ወር የአኒሜሽን ስልጠና

ማስታወቂያው «አኒሜሽን፣ ቪዥዋል ኢፌክት፣ ጌም፤ ለማስተርስ ብቁ እናደርጋለን» ይላል። ቦታው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም። እኔም ውጭ ለማመልከት እያሰብኩ ስለነበር ተመዘገብኩ። ጨረስኩም።

ሞዴሊንጉ፣ ማለትም ነገሮችን በኮምፒውተር በ3ዲ መቅረጹ፣ አሪፍ ነው፣ ይሄን አልክድም። የሚሠራው ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ነው፣ ነፃ ስለሆነ ክራክ ፍለጋ መንከራተት የለም። «በነፃ የተገኘ ምን ይረባል» የሚሉ ልጆች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» በዚሁ መሠራቱን አሰልጣኙ ሲነግራቸው ጸጥ አሉ። የመጀመሪያ ሥራችን የፋሲል ግንብ ነበር። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ በየቀኑ በአጥሩ ሥር እያለፍኩ፣ የማዕዘኖቹ ማማዎች ጉልላት እንደ እንቁላል ወደ ላይ ሾል ማለቱን ያስተዋልኩት ድቡልቡል አድርጌ ሠርቼው አሰልጣኙ «ሂድና እየው» ብሎ ሲመልሰኝ ነው።

ቪዥዋል ኢፌክቱ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ግቢው ውስጥ ያለውን የድሮ የአንበሳ ቤት በስልኬ ቀርጬ የሠራሁትን አንበሳ ላስገባበት አሰብኩ። አንበሳው መሬት አልረግጥ አለ፤ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጭቃ ላይ እንደወጣ ባጃጅ ይንሸራተታል። ሁለት ሳምንት ታግዬ ጥፋቱ የስልኩ መሆኑን ራሴ ደረስኩበት፦ ስልኩ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ብሎ ፍሬሞቹን፣ ማለትም የቪዲዮውን ነጠላ ምስሎች፣ ይቆርጣል፣ ያጣምማል፣ የፍሬም ፍጥነቱም ይዋዥቃል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ የካሜራውን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ከነዚያው ፍሬሞች ነው። ማረጋጊያውን ማጥፋት ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም።

መብራቱስ? ሬንደር ሲደረግ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምስል አስልቶ ነው የሚያወጣው። 10 ሰከንድ ቪዲዮ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ 240 ምስል ነው፤ አንዱ 2 ደቂቃ ከፈጀ 8 ሰዓት ማለት ነው። ጀነሬተር የላቸውም። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር ካደረጋችሁ፣ ሰባተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው በፒኤንጂ የምስል ፋይል አስቀምጡት፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ይቺን ያሳየኝ አሰልጣኙ ነው፣ ይመስገን።

ጌም ሁለት ቀን። ዩኒቲ የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከፍተን ኳስ አንከባለልን፣ በቃ።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ለዚህ ዓይነት ማስተርስ ስታመለክቱ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከምንም በላይ የሚያዩት ሾውሪል ነው፣ ማለትም ምርጥ ሥራችሁ የተለቀመበት የአንድ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ በየትኛው ትዕይንት ላይ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ ከሚገልጽ ዝርዝር ጋር። ሦስት ወር ሙሉ ስሙም አልተነሳ። መጨረሻ ላይ ቢሮ ገብቼ ብጠይቅ «የኔ ወንድም፣ ሰርተፍኬቱ እኮ ማህተም አለው» ተባልኩ።

ከገባችሁ ለሞዴሊንጉ ወር ብቻ ግቡ፤ በየወሩ መክፈል ይቻላል፣ ማስታወቂያው ላይ ስለሌለ ጠይቁ። እኔ አንበሳ ቤቱን እንደገና ቀርጬ ሥራውን ቤቴ ጀምሬዋለሁ። ትናንት ማታ 163ኛው ፍሬም ላይ መብራት ሄደ።