የጥበቃ ውሻ፦ ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ ወይስ ክልስ?

«ንጹሑን ልግዛ ወይስ ክልሱን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደላላው ዋጋ ከጠራ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ቀብድ ከተከፈለ በኋላ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ብሎኬት ወይም ቆርቆሮ አጥር ላለው ተራ ግቢ፣ ሌሊት ኮቴ ሰምቶ የሚጮኽ ውሻ ለሚፈልግ ቤተሰብ፣ አባቱ ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ፣ እናቱ የሀበሻ ውሻ የሆነች የመጀመሪያ ትውልድ ክልስ ይሻላል። ንጹሑ የሚያዋጣበት ቦታም አለ፤ ጠባብ ነው እንጂ። መልኩን፣ ጆሮውን፣ ግርማ ሞገሱን ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ።

ከዋጋው እንጀምር። የቡችላ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ዛሬ በብር የተጻፈው ነገ ያረጃል። ስለዚህ በቀለብ ለኩት። 35 ኪሎ የደረሰ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ በቀን 460 ግራም ገደማ ደረቅ ምግብ ይፈልጋል፤ በዓመት 168 ኪሎ ማለት ነው። 24 ኪሎ አካባቢ ላይ የሚቆም ክልስ 350 ግራም ይበቃዋል፤ በዓመት 128 ኪሎ። ልዩነቱ 40 ኪሎ፣ ማለትም በየዓመቱ ሁለት ባለ 20 ኪሎ ከረጢት ነው። ውሻው 10 ዓመት ቢቆይ 20 ከረጢት ይሆናል። አሁን ደላላው «ንጹሕ ስለሆነ» ብሎ የጨመረባችሁን ብር በአንድ ከረጢት ዋጋ አካፍሉትና በ20ው ላይ ደምሩት። የንጹሑ ትክክለኛ ጭማሪ ያ ነው።

መድኃኒቱም በኪሎ ነው የሚሰላው። ፕራዚኳንቴል ያለበት የኮሶ ትል ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ኪሎ ክብደት አንድ ፍሬ ነው፤ ለንጹሑ ሦስት ተኩል፣ ለክልሱ ሁለት ተኩል። በየሦስት ወሩ ከተሰጠ በዓመት 14 እና 10 ፍሬ ይሆናል። ክትባቱ ግን ለሁለቱም እኩል ስለሆነ፣ «ክልስ ነው፣ ጠንካራ ነው» ብሎ ክትባት የሚቆጥብ ሰው ቡችላውን ራሱን ያጣል።

ወደ ዋናው ችግር ስንመጣ፣ ገዢው ንጹሕና ክልስ እያወዳደረ ይመስለዋል እንጂ፣ መንገድ ዳር በካርቶን የሚቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ዓይነት ነው፦ ወረቀት የሌለው «ንጹሕ»። ይህ ከሁሉም የከፋው ግዢ ነው። የንጹሑን ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ የንጹሑ ዋስትና ግን የለውም፤ የክልሱም ብርታት የለውም። ሻጩ እውነቱን ቢሆን እንኳ፣ ጥቂት ውሾች ባሉበት አካባቢ አንዱ ወንድ ውሻ በየግቢው እየተዋሰ ሴቶቹን ስለሚያስረግዝ፣ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል። አባት ከልጁ ጋር ሲገናኝ ወይም ወንድምና እኅት ሲዋለዱ፣ የሚወለደው ቡችላ የእርስ በርስ መዋለድ መጠን (ከአባትም ከእናትም ያንኑ አንድ ዘረ መል የመውረስ ዕድሉ) 25 በመቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው በደም ተደብቆ የኖረው በሽታ ሁሉ ብቅ የሚለው።

ንጹሕነትን በዓይን ለመለየት የሚደረገው ሙከራ በአብዛኛው ከንቱ ነው። «ጆሮው ቆሟል» አይሠራም፤ የሀበሻው ውሻም ጆሮው ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፣ የንጹሑ ቡችላ ጆሮ ደግሞ እስከ አራትና አምስት ወር ድረስ ሊወድቅ ሊነሳ ይችላል። ጥቁርና ቡናማ መሆኑም አይሠራም። የተሻለ ፍንጭ የሚሰጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ክብደት ነው፤ ስምንት ሳምንት የሞላው የንጹሕ ዘር ቡችላ በጥቅሉ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ የእጅ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ደረቱና የእግሩ ጣቶች ናቸው፤ ደረት ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ነጥብ ምንም አይደለችም፣ ሰፊ ነጭ ደረትና ነጭ ካልሲ ግን ቅልቅሉን ይመሰክራል። ማረጋገጫ የሚባለው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እናትና አባቱን ማየት፣ በወላጆቹ ቆዳ ሥር ያለው ባለ 15 አኃዝ ማይክሮችፕ በመሣሪያ ሲነበብ ከትውልድ ወረቀቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ። ችፕ የሌለው ወረቀት የማንኛውም ውሻ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ዕድሜውም ይዋሻል። የአምስት ሳምንቱን «ሁለት ወሩ ነው» ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት ሳምንት ቀድሞ ከሄደ ሦስት ሳምንት ቀለብ ይተርፋል። አፉን ክፈቱ። ስምንት ሳምንት የሞላው ቡችላ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወጥተውለታል። ከኋላ ያሉት ጎድለው ድዱ ባዶ ከሆነ ገና ከእናቱ መለየት አልነበረበትም።

«ክልስ» ሲባልስ የትኛው ክልስ? የወተት ላም ያረባ ሰው ይህን ለመረዳት አይከብደውም። የቦረና ላም ከሆልስታይን ስትዳቀል የምትወለደው 50 በመቶ ጊደር ወተቱንም ትሰጣለች፣ ሙቀቱንም ትችላለች። ክልሷ ከክልስ ኮርማ ስትወልድ ግን አንዷ ጥጃ አያቷን፣ ሌላዋ ማንንም ሳትመስል ትወጣለች። በውሻም ያው ነው። የመዳቀል ብርታት የሚጎላው በመጀመሪያው ትውልድ ነው፤ ክልስ ከክልስ ሲዋለድ ግማሹ ይጠፋል፣ ከአንድ እናት የተወለዱት ቡችሎችም አንዱ 30 ኪሎ፣ አንዱ 15 ኪሎ ሆነው ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ «ክልስ ነው» ሲሏችሁ የሚቀጥለው ጥያቄ «እናቱ ማን ናት?» ነው። እሷም ክልስ ከሆነች ዋጋው መውረድ አለበት።

በሽታ ላይ ለጀርመን ሼፐርድ የሚያሰጉት ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው። ከአራት ወር ጀምሮ፣ ሲሮጥ ሁለት የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ካነሳ፣ ከተኛበት ሲነሳ ከፊት ብቻ ከተጎተተ ጠርጥሩ። የዘር ነገር ቢሆንም አያያዝ ያባብሰዋል፦ የሚያንሸራትት የሴራሚክ ወለል፣ ደረጃ፣ ቶሎ እንዲገዝፍ ከልክ በላይ መመገብ። «አጥንቱ እንዲጠነክር» ተብሎ የሚጨመረው የካልሲየም ዱቄት፣ ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ እየበላ ላለ ትልቅ ዘር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ክልሱ ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አባቱ ዳሌው የላላ ከሆነ ሊወርሰው ይችላል፤ ቀለል ያለ ክብደቱ ግን ያግዘዋል።

ሁለተኛው የቆሽት መድከም ነው፤ ባለቤቱንም ቆሽቱን ያሳርረዋል። ውሻው እንደ እሳት ይበላል፣ ግን ይከሳል፤ ሰገራው ብዙ፣ ገርጣ ያለና ቅባታማ ነው። ሰው ሁሉ ትል ነው ብሎ ክኒን ይደጋግማል። ከሁለት ተከታታይ የትል መድኃኒት በኋላ ካልተሻለው ሐኪሙን ስለ ቆሽት ጠይቁት። ሕክምናው ቆሽቱ ማመንጨት ያቃተውን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ከምግብ ጋር መስጠት ሲሆን ዕድሜ ልክ ነው፤ ወጪውን ከቀለቡ እኩል ቁጠሩት።

ሦስተኛው ከመድኃኒት መደብር የሚመጣ ነው። ለከብትና ለበግ የሚወጋው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። ለእከክ ወይም ለመዥገር ብሎ 10 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ ሚሊ ሊትር የሚወጋ ሰው፣ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ሰጠው ማለት ነው፤ ይህ ለማንኛውም ውሻ ብዙ ነው። አንዳንድ ጀርመን ሼፐርዶች ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ኤምዲአር1 የተባለው ዘረ መል የተበላሸባቸው ናቸው፤ ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይንገዳገዳሉ፣ ለሀጫቸው ይዝረበረባል፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ራሳቸውን ይስታሉ። አባቱ የተበላሸውን ቢያወርሰው እንኳ ክልሱ ከሀበሻዋ እናቱ ደህናውን ስለሚያገኝ አደጋው ይቀንሳል፤ መርፌው ግን ለሁለቱም በሐኪም እጅ ይሁን።

ፓርቮ ላይ (ቡችላን በትውከትና በደም ተቅማጥ የሚገድለው የቫይረስ በሽታ ነው) «የፈረንጅ ውሻ ይሞታል፣ የሀበሻው ይተርፋል» የሚባለው ከፊሉ እውነት ነው፤ ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለርና ዶበርማን ከብዙዎቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። ያልተከተበ ክልስም ግን ይሞታል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተያዘ በሳምንት ውስጥ ስለሚታይ፣ ቅዳሜ የተገዛው ቡችላ ለቀጣዩ ቅዳሜ ደም ያስቀምጠዋል፤ ሻጩም ስልኩን አያነሳም። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ ቡችላ በፓርቮ ሞቶ ከሆነ፣ ሲሚንቶውንና ቤቱን መጀመሪያ በሳሙና አጥቡ፤ ቀጥሎ አንድ ኩባያ በረኪና በ30 ኩባያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት። አፈሩ በበረኪና አይጸዳም፤ ስለዚህ ቀጣዩ ቡችላ ክትባቱን ጨርሶ ይግባ።

አመጋገብ ላይ ልዩነቱ የሚታየው በጾም ነው። ከሉካንዳ ቁርጥራጭ እየገዛ ውሻ የሚቀልብ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ድንገት ወደ ሽሮ ፍትፍት የተዛወረ ንጹሕ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ክልሱም ይከሳል። ከቅበላ በፊት ለክልስ አንድ ባለ 20 ኪሎ ከረጢት ደረቅ ምግብ ይበቃል፤ 55 ቀን በ350 ግራም 19 ኪሎ ገደማ ነውና። ለንጹሑ 25 ኪሎ ስለሚሆን ሁለተኛ ከረጢት ትከፍታላችሁ። ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ እየቀላቀላችሁ አለማምዱት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርሱ ወጥ የነካ እንጀራ የዕለት ቀለብ አይሁን። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ ይሰነጠቃል፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንጀት የሚበሳው እሱ ነው። ጥሬ ሳምባና ጉበት ደግሞ በሰው ጉበትና ሳምባ ውስጥ የውሃ ቋጠሮ የሚያመጣውን ትል ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ልጆች ያስተላልፋል። ቀቅሉት።

ጠባይ ላይ ብዙ አልልም። ጀርመን ሼፐርድ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የዘር መዝገብ ሲከፍትለት ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር የሚውል የበግ ጠባቂ ነበር። እሱን ሰንሰለት ላይ አስሮ ጥግ ማስቀመጥ መሬት ቆፋሪ፣ ጅራቱን አሳዳጅ፣ እንግዳና ቤተሰብ የማይለይ ውሻ ያወጣል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይዞት የሚወጣ ሰው ከሌለ አትግዙት። የሀበሻ እናት ያለው ክልስ ግቢውን እየዞረ ራሱ ይውላል። ደግሞም ግቢ የሚፈልገው ጩኸት ነው እንጂ ንክሻ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ አምልጦ ቢሆንም።

ንጹሑ የሚያዋጣው መቼ ነው? አሠልጣኝ ተቀጥሮ በትእዛዝ የሚሠራ ውሻ ሲፈለግ፣ ለምሳሌ ለመጋዘን፤ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ እዚያ ዋጋ አለው። ያኔም ወላጆቹ ከ12 ወር በኋላ የተነሱት የዳሌ ራጅ ይቅረብላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በዚህ ታድላችኋል፤ የወላጆቹን የዳሌ ውጤት በምዝገባ ቁጥራቸው በይፋ መዝገብ መፈለግ ይቻላል፤ የመጨረሻው ውጤት የሚሰጠውም 24 ወር ከሞላቸው በኋላ ነው።

ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት የክትባት ደብተሩን ገልብጡ። «ተከትቧል» የሚል የእጅ ጽሑፍ አይበቃም፤ ከብልቃጡ የተላጠው ተለጣፊ፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም መኖር አለበት። የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ከዚያ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ12 ሳምንት፣ ከዓመት በኋላም እንደገና። ደብተሩ ባዶ ከሆነ የቀሩትን ክትባቶች ዋጋ ከጠራው ላይ ቀንሱ፤ እምቢ ካለ ቡችላውን መልሱለት።