መስታወት መፍተል፦ በብይ ይሻላል ወይስ በትልቁ ምድጃ?

ማር በማንኪያ አንስታችሁ ከፍ ስታደርጉት ክር ይሠራል። ቶሎ ከሳባችሁት ይቀጥናል። ማሩ ከቀዘቀዘ አልሳብ ይላል፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ ክርነቱ ይቀርና ይንጠባጠባል። የፋይበር ግላስ ፋብሪካ ሥራ ከዚህ ማንኪያ ብዙም አይርቅም። ብቻ ማሩ 1,200 ዲግሪ ገደማ የጋለ መስታወት ነው። ሳቢው ደግሞ በሰከንድ 20 ወይም 40 ሜትር የሚጠቀልል ማሽን ነው።

"ክር የሚያወጣው ማሽን ስንት ነው?" ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ታንከር፣ ጀልባ ወይም የመኪና ቦዲ በፋይበር ግላስ የሚሠሩ ናቸው። ማት (ከተቆራረጠ የመስታወት ክር የተነጠፈ ምንጣፍ) እና ሮቪንግ (ሳይቆረጥ የተጠቀለለ የክር ጥቅል) ከውጭ ማስመጣት፣ ዶላር መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። እኔም ጥያቄያቸውን በጥያቄ እመልሳለሁ። ክሩ ምን ሊሆን ነው? በአንድ ስም የሚጠሩት ማሽኖች ብዙ ናቸውና፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

በአጭሩ የምናልፋቸው

ለኢንተርኔት ገመድ የሚሆነው የኦፕቲክ ክር የሚሳብበት ማማ እዚህ አይመለከተንም። እሱ ከቀለጠ መስታወት አይቀዳም። የንጹሕ ሲሊካ ዘንግ ጫፉ 2,000 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይለሰልስና ከማማው አናት ወደ ታች ይሳባል። የክሩ ውፍረት 125 ማይክሮን ነው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፤ ከአንድ ማይክሮን በላይ መዛነፍ አይፈቀድለትም። ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘንግ አንድ ሜትሩ ብቻ 640 ኪሎ ሜትር ክር ይወጣዋል። ሂሳቡ ያጓጓል። ግን ዘንጉን መሥራት ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው።

ክሩን በነበልባል የሚያቀጥነው ዘዴም አለ። መጀመሪያ ወፈር ያለ ክር ይሳባል፤ ከዚያ የጋለ ጋዝ እየተነፋበት ከ3 ማይክሮን በታች ይወርዳል። ለአየር ማጣሪያና ለባትሪ ውስጥ ወረቀት ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2002 ባወጣው ምደባ እንዲህ ዓይነቶቹን ደቃቅ የመስታወት ክሮች "በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ" ከሚባለው ክፍል ውስጥ አስገብቷቸዋል። የተለመደው ረጅሙ ክር ግን እዚያ ውስጥ አልገባም። ወፈር ስለሚል ቆዳን ያሳክካል እንጂ ወደ ሳንባ ጥልቀት አይዘልቅም።

ርካሹን ዘዴ ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ቻርልስ ቨርነን ቦይስ በ1887 ያደረገውን ልንገራችሁ። ቀስት ወሰደ። ከአገዳ በተሠራው ፍላጻ ጫፍ ላይ ኳርትዝ አጣበቀ፤ ኳርትዙን አቀለጠና ቀስቱን ለቀቀው። ፍላጻው ሲበር ከኋላው ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ክር ተወ። በዚያ ዓይነት ክር ክብደትን አንጠልጥሎ የስበት ኃይልን ለካበት። ለላቦራቶሪ ዛሬም የሚያስቀና ብልሃት ነው። ለታንከር ግን አይሆንም።

ጥጥ ነው ክር?

ፈላጊው ሙቀት እንዳያልፍ የቤት ጣሪያ ወይም የቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳ የሚሸፍን ከሆነ የሚያስፈልገው ክር ሳይሆን የመስታወት ጥጥ ነው። ለዚህ የሚሽከረከረው ማሽን አለ። ለልጆች ስኳር አቅልጦ እንደ ጥጥ የሚበትነውን ማሽን አስቡት። የቀለጠው መስታወት በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ በሚሽከረከር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይወርዳል። በሳህኑ ጎን በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ። በነሱ ይወጣል፤ የጋለ አየር ወደ ታች እየነፋ ያቀጥነዋል። ሙጫ ይረጭበትና ቀበቶ ላይ ተነጥፎ በምድጃ ይደርቃል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ጥሬ ዕቃው ነው። የተሰበረ የመስኮት መስታወትና ጠርሙስ ይቀበላል። ከጥሬ ዕቃቸው ከግማሽ በላይ ስብርባሪ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች አሉ። ሳህኑም ፕላቲነም አይደለም፤ ኒኬል ወይም ኮባልት የበዛበት ቅይጥ ነው። ግን ቶሎ ይበላል። ዕድሜው በመቶዎች በሚቆጠር ሰዓት ነው የሚለካው። ስለዚህ ማሽኑን ስትገዙ የመለዋወጫ ሳህን ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ በሁለተኛው ወር ማሽኑን ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ጥጡን ደግሞ ለጥንካሬ ብላችሁ ታንከር ውስጥ አትክተቱት። አጭርና የተመሰቃቀለ ነው፤ ጭነት አይሸከምም።

ዋናው ምርጫ

አሁን ወደ ረጅሙ ክር እንምጣ። እዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ የሁለቱም ልብ ግን አንድ ነው። ቡሺንግ ይባላል። ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ የተሠራ ትሪ ነው፤ ከሥሩ እንደ ወንፊት ቀዳዳ አለው። ትንሹ 200፣ ትልቁ 4,000 እና ከዚያም በላይ። ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። "ታዲያ ክሩ እንዴት 10 ማይክሮን ሆነ?" ትሉ ይሆናል። ከቀዳዳው ሳይሆን ከስቡ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ማይክሮን ሲወርድ መስታወቱ 40,000 ጊዜ ተለጥጧል። አንድ ኪሎ መስታወት እንዲህ ሲፈተል ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሮም ገብቶ ይተርፋል።

በብይ የሚሠራው አንደኛው መንገድ ነው። ብይ ስል ልጆች የሚጫወቱበትን ዓይነት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ድቡልቡል ማለቴ ነው። ሌላ ፋብሪካ አቅልጦ፣ አጥርቶ ብይ ያደርገዋል። እናንተ ገዝታችሁ በትንሽ ማቅለጫ ላይ ታፈሱታላችሁ። ሁለተኛው ቀጥታ ነው። አሸዋ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር ተፈጭቶና ተመጥኖ ከ1,500 ዲግሪ በላይ በሚነድ ትልቅ ምድጃ ይገባል። ቀልጦ በቦይ ይወርድና በቦዩ ሥር ለተደረደሩት ቡሺንጎች ይከፋፈላል።

በኪሎ ሲሰላ ቀጥታው ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም። ብዩ ሁለት ጊዜ ይቀልጣል፤ ነዳጁም ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። በዚያ ላይ የማጓጓዣ አለ። በቁጥር እንየው። 400 ቀዳዳ ያለው ቡሺንግ 9 ማይክሮን ክር በሰከንድ 40 ሜትር ቢስብ፣ ምንም ሳይበጠስ በሰዓት 9 ኪሎ ገደማ ያወጣል። በቀን 225 ኪሎ። 4,000 ቀዳዳ ያለው 17 ማይክሮን ክር በሰከንድ 15 ሜትር ቢስብ ግን በሰዓት 126 ኪሎ፣ በቀን 3 ቶን ነው። አንድ ቀጥታ ምድጃ እንዲህ ያሉትን ብዙ ቡሺንጎች ይመግባል። በዓመት ከ100,000 ቶን በላይ የሚያወጡ ምድጃዎች አሉ።

ታዲያ ብይ ለምን ይገዛል? ቀጥታው ምድጃ አንዴ ከተለኮሰ ለዓመታት አይጠፋም። ገበያ ቀዘቀዘ ብላችሁ ለክረምት አትዘጉትም። የመስታወቱን ዓይነት መቀየርም አይታሰብም ማለት ይቻላል። በብይ የሚሠራው ግን አንዱ ቆሞ ሌላው ይሠራል። ዛሬ ሁለት ቡሺንግ፣ ከርሞ አምስት ማድረግ ይቻላል። ብዩ ቀድሞ ስለተጣራም ቀጭን፣ ለሽመና የሚሆን ክር በደንብ ይወጣዋል። ትንሽ ገበያ፣ ትንሽ ካፒታል ላለው ሰው ከሁለቱ እሱ ብቻ ነው ቁም ነገር።

ሦስተኛ የሚመስል፣ ግን የማልመክረው አለ። የሸክላ ማቅለጫ። ዋጋው ሲነገራችሁ ደስ ይላችኋል። የሚቀልጥበት የተገኘው ስብርባሪ ሁሉ ነው። የመስኮት መስታወት ከ13 በመቶ በላይ ሶዲየም ኦክሳይድ አለው። እንዲህ ዓይነቱ ክር እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደክማል። ለፋይበር ግላስ የሚሆነው ደህናው መስታወት፣ ኢ-ግላስ የሚባለው፣ ከ1 በመቶ በታች ነው ያለው። ቻይና ራሷ የሸክላ ማቅለጫውን ኋላ ቀር ብላ እንዲወገድ ከወሰነችባቸው ዘዴዎች ውስጥ አስገብታዋለች። ከዚያ የሚወጣው አሮጌ ማሽን የሆነ ቦታ ገዢ መፈለጉ አይቀርም። ያ ገዢ አትሁኑ። ክሩን ሲሚንቶ ውስጥ ልታስገቡ ካሰባችሁ ደግሞ ኢ-ግላስም አይበቃም፤ 16 በመቶ ገደማ ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) ያለበት መስታወት ነው የሚፈለገው።

ፕላቲነሙ ውስጥ አለ?

አንድ ጊዜ የዋጋ ማቅረቢያ አሳዩኝ። ማሽኑ በጣም ርካሽ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል "ቡሺንግ በገዢው ይቀርባል" ይላል። መኪና ያለ ሞተር እንደ መሸጥ ነው።

ቡሺንጉ እንደ መጠኑ ከመቶዎች ግራም እስከ ብዙ ኪሎ ፕላቲነምና ሮዲየም ይይዛል። ሮዲየሙ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 20 በመቶ ነው፤ በዚያ ሙቀት ትሪው እንዳይጎብጥ ያጠነክረዋል። የሮዲየም ዋጋ ደግሞ ዕብድ ነው። በ2021 አንድ አውንስ ከ20,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ማሽን ስታወዳድሩ በቀን ስንት ኪሎ ያወጣል ብቻ አትበሉ። በአንድ ኪሎ ክር ስንት ግራም ፕላቲነም ታስሯል በሉ። ብይ የሚያቀልጠው አሮጌው ዓይነት ማቅለጫውም ጭምር ፕላቲነም ነው። አዲሱ ግን አካሉ ሙቀት ከሚችል ጡብ ተሠርቶ የታችኛው ሳህን ብቻ ፕላቲነም የሆነበት አለ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምይዘው።

ቡሺንግ አላቂ ነው። ይጎብጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ተቀልጦ እንደገና ይሠራል። ሲሠራም ትንሽ ትንሽ በትነት ይጠፋል። ስንመልስ ማን ይመዝነዋል? ስንት ግራም ጉድለት ይፈቀዳል? መልሶ ለመሥራት ስንት ሳምንት? እስከዚያ ትርፍ ቡሺንግ አለ? ይህን በጽሑፍ ያላስቀመጠ ሻጭ ወርቅ አንጣሪ ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል።

ሌላው የሚረሳው ሳይዚንጉ ነው። ክሮቹ ከመጠቅለላቸው በፊት የሚቀቡት በውኃ የተበጠበጠ ፈሳሽ ነው። ክሮቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ይጠብቃል፤ ከሬዚኑ፣ ማለትም ክሩን ነክሮ ከሚደርቀው ፈሳሽ ፕላስቲክ ጋርም ያያይዛቸዋል። ለሽመና የሚቀባው ስታርችና ዘይት ያለበት ስለሆነ ለታንከር ሬዚን አይሆንም። ፖሊስተር ለሚባለው ሬዚን የተዘጋጀውም ኢፖክሲ ለሚባለው ላይስማማ ይችላል። ማሽኑን ገዝታችሁ የሳይዚንግ አቅራቢ ካጣችሁ ያመረታችሁት ክር ሬዚን አይዝም፤ ታንከሩም ያንጠባጥባል።

መብራትና ከፍታ

አንድ ክር ሲበጠስ ጫፉ ላይ ጠብታ ይሠራል። ጠብታው ሲወርድ ጎረቤቱን ይበጥሳል። ጥቂት ሳይቆይ ሁሉም ይቆማል፤ ሠራተኛው መጥቶ እንደገና ያስጀምራል። ይህ በሰላሙ ቀን ነው። መብራት ሲጠፋስ?

ቡሺንጉ የሚሞቀው በራሱ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ፣ አምፔሩ በሺዎች ነው። መብራት ሲሄድ መስታወቱ እዚያው ይረጋል። በብይ የምትሠሩ ከሆነ ቀኑ ይቃጠላል፤ በሰዓታት ውስጥ ትመለሳላችሁ። ቡሺንጉ ግን በተደጋጋሚ ሲቀዘቅዝና ሲግል ዕድሜው ያጥራል። ቀጥታው ምድጃ ከረጋ ግን ወሬው ሌላ ነው፤ ምድጃው ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ እንደኛ መብራት በሚጠፋበት አገር ጀነሬተሩ የማሽኑ ዋጋ አካል ነው፤ "በኋላ እንጨምራለን" የሚባል አይደለም።

ጀነሬተሩ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ዋት ደግሞ እንዳለ አትቀበሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ አየር ያጥረዋል፤ አቅሙ ይቀንሳል። ለማቃጠያውና ለአየር ማራገቢያውም ያው ነው። የሚሽከረከረው የጥጥ ማሽን በአየር ስለሚሠራ ይህ ከሁሉም በላይ እሱን ይጎዳዋል። ለሻጩ የፋብሪካችሁን ከፍታ በሜትር ጻፉለት፤ ማራገቢያውን በዚያ ልክ እንዲያሰላ። ድሬዳዋ የሚተክል ሰው ጭንቀቱ ያንሳል።

እኔ ብሆን

በወር ጥቂት ቶን የሚጠቀም ታንከር ሠሪ ብሆን ማሽን አልገዛም። ሮቪንጉን ከውጭ አስመጥቼ መቁረጫና ማት ማንጠፊያ እገዛለሁ። ዶላሩ ያማል፤ ግን ፕላቲነም አስሮ ከመቀመጥ ይሻላል። ለሽመና ቀጭን ክር የሚፈልግ፣ ገዢውም የታወቀ ከሆነ፣ የጡብ አካል ያለው የብይ ማቅለጫ በሁለት ቡሺንግ ይጀምር። ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት የሚከላከለውን ጥጥ የሚያስብ ስብርባሪ የሚሰበስብለት ሰው ካለው የሚሽከረከረውን ይመልከት። ቀጥታ ምድጃ የሚገዛ ሰው ይህን ጽሑፍ አያነብም፤ መሐንዲሶች ቀጥሯል።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ጋ ሂዱ። ሻይ ጠጥታችሁ የአምስት ደቂቃ ማሳያ አይታችሁ አትመለሱ። 24 ሰዓት አሠሩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከመጠቅለያው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስንት ጊዜ እንደተበጠሰ፣ ለማስጀመር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። በተለይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሲያንቀላፋ።